ቅጣት ወሲብ ገዢን ያስቆመዋል ወይስ ሰፈር ያስቀይረዋል?

ፒያሳና ካዛንቺስ ፈርሰው የድሮዎቹ ቡና ቤቶችና አልቤርጎዎች ከተነሱ ወዲህ አንድ አሮጌ ክርክር እንደገና ይሰማል። "አፈሳው ሴቶቹ ላይ ብቻ ለምን? ገዢውም ይቀጣ፤ ያኔ ገበያው ይደርቃል" የሚል አለ። "ወንድ መቼ ሕግ ፈርቶ ያውቃል" ብሎ የሚያፌዝም አይጠፋም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. የጎዳና ላይ ልመናንና የጎዳና ላይ የወሲብ ንግድን የሚከለክል ረቂቅ እየተዘጋጀ መሆኑን ባስታወቀ ጊዜም ጥያቄው ተነስቶ ነበር።

ገዢን ብቻ መቅጣት በስዊድን ከተጀመረ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ሌሎች አገሮችም ተከትለዋል። ስለዚህ በመላ ምት መከራከር አያስፈልግም፤ የተሞከረውን ማየት ይቻላል። እዚህ ላይ "ገዢ" የምንለው ገንዘብ ከፍሎ ወሲብ የሚፈጽመውን ሰው ነው፤ ለ"ሾርት"ም ይሁን ለ"አዳር"። "አቃጣሪ" የምንለው ደግሞ ሌላውን አገናኝቶ፣ ቤት አከራይቶ ወይም አሠርቶ ከዚያ ገቢ የሚኖረውን ነው። ሦስተኛዋ ሻጯ ናት። አንድ ሕግ ከሦስቱ ማንን እንደሚነካ ሳይለዩ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

በኢትዮጵያ ሕግ ገዢው ይቀጣል?

ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በላይ ለሆነች፣ ማንም ላላስገደዳት ሴት ከፍሎ ወሲብ መፈጸምን ለብቻው ወንጀል የሚያደርግ አንቀጽ በወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ውስጥ የለም። መሸጡም ለብቻው ወንጀል አይደለም። በሌላው ዝሙት አዳሪነት መጠቀምና ለዚሁ ሥራ ቤት መያዝ ግን በአንቀጽ 634 ያስቀጣል፤ ይህ አቃጣሪውን የሚመለከት ነው።

ሆኖም ገዢው ከሕግ ውጭ ነው ማለት አይደለም። በአራት በኩል ሊነካው ይችላል። በጎዳና ወይም ሕዝብ በሚገኝበት ቦታ ሰፈርተኛውን በሚያውክ ሁኔታ ለወሲብ መጋበዝ በአንቀጽ 846 የደንብ መተላለፍ ነው፤ መቀጮ ወይም አጭር የማረፊያ ቤት እስር ያስከትላል። አንቀጹ ወንድ ሴት አይልም። በመኪና መስኮት አንገቱን አውጥቶ የሚጣራውንም ሊይዝ ይችላል፤ በተግባር ግን የሚነሱት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ ናቸው። ሁለተኛ፣ ገዢው ባለትዳር ከሆነ አንቀጽ 652 አመንዝራነትን ይቀጣል፤ ክሱ የሚንቀሳቀሰው ግን የትዳር ጓደኛ ሲያመለክት ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ሌሎችን በዝሙት አዳሪነት ማሠራት በሰው መነገድን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከተዘረዘሩት የብዝበዛ ዓይነቶች አንዱ ስለሆነ፣ ተገድዳ የምትሠራ ሴት ባለችበት ቤት የሚደረግ ምርመራ ከደላላው አልፎ ሌላውንም ሊያካልል ይችላል። አራተኛውና ከሁሉም የሚከብደው የዕድሜ ጉዳይ ነው። እሱን ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

ቅጣት ሰውን የሚያስቆመው በምን መንገድ ነው?

የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 1 ዓላማውን ሲናገር ስለ ወንጀሎችና ስለ ቅጣታቸው አስቀድሞ ማስጠንቀቅን ነው የሚያስቀድመው፤ ያ ካልሠራ ወንጀለኛውን ቀጥቶ ለሌሎች ማስተማሪያ ማድረግ ይከተላል። በዜና ዘወትር የምንሰማው "አስተማሪ ቅጣት" ከዚሁ ሐሳብ ይመነጫል።

ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ያነሳው ነጥብ እስከ ዛሬ በጥናት ይደገፋል። ሰውን የሚያስቆመው በዋናነት የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን የመያዙ እርግጠኝነት ነው፤ ከዚያ ቅጣቱ ቶሎ መምጣቱ ይከተላል፤ ክብደት በሦስተኛ ደረጃ ነው።

ሰማያዊና ነጭ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ትርፍ የጫነ ታክሲ ሜክሲኮ አደባባይ ሲቃረብ ረዳቱ "ዝቅ በሉ!" ይላል፤ ትርፎቹ ጎንበስ ይላሉ፤ ትራፊክ ፖሊሱ ሲታለፍ ቀና ይላሉ። የመቀጮው መጠን በዚያች ቅጽበት በማንም ሐሳብ ውስጥ የለም። ጥያቄው "ፖሊስ አለ ወይስ የለም" ነው። ታክሲው ትርፍ መጫኑንም አልተወም፤ ፖሊስ በሌለበት መንገድ ላይ አደረገው እንጂ።

በቁጥር ለምሳሌ እንየው። መቀጮው 10,000 ብር ሆኖ ገዢ የሚያዘው ከ1,000 ጊዜ አንዴ ብቻ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ምሽት የሚሸከመው ሥጋት በአማካይ 10 ብር ነው። መቀጮው 2,000 ብር ብቻ ሆኖ ከ20 ጊዜ አንዴ ቢያዝ ግን 100 ብር ይሆናል። በአምስት እጥፍ ያነሰ ቅጣት አሥር እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው።

በዚያ ላይ ገዢው እውነተኛውን ዕድል አያውቀውም፤ ከጓደኞቹ ነው የሚገምተው። አብረውት የሚጠጡት ሰዎች ለዓመታት ሲመላለሱ አንዳቸውም ካልተያዙ፣ ለእሱ የመያዝ ዕድል ዜሮ ነው፤ ሕጉ የፈለገውን ይበል። አዲስ ሕግ ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው የሚደነግጠውና ኋላ ላይ የሚለምደው ለዚህ ነው። ስሌቱ የሚሰላበት ሰዓትም አለ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ስንት ቢራ ከተጠጣ በኋላ፣ አንቀጽ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ገዢን ለመያዝ ምን ያስፈልጋል?

ሕግ ማውጣት ቀላሉ ክፍል ነው። ከሳሽ ሦስት ነገር ማሳየት አለበት፦ ለወሲብ ስምምነት ነበረ፣ ክፍያው ለዚያ ነበረ፣ ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይም ተሞክሯል። እያንዳንዳቸው በቀላሉ ይሾልካሉ።

አንድ ሰው ሃያ ሁለት ወይም ቦሌ ካለ ቡና ቤት ከአንዲት ሴት ጋር ወጥቶ ፔንሲዮን ገባ እንበል። ሁለቱም "ጓደኛሞች ነን" ይላሉ። ገንዘብ ሲሰጣት የታየ እንደሆነ "የትራንስፖርት ነው" ይላል፤ በዚህ ከተማ ደግሞ እውነት ሊሆን ይችላል። በእጅ የተሰጠ ብር ዱካ የለውም። በቴሌብር ከተላከ መጠኑ፣ ቀኑና የሁለቱም ስልክ ቁጥር ይመዘገባል፤ ለምን እንደተላከ ግን አይናገርም።

ስለዚህ ፖሊስ ወይ በቦታው መገኘት ወይ መልእክት ልውውጡን ማግኘት አለበት። በስዊድን የተለመደው አሠራር ማስታወቂያዎችን መከታተል፣ ቤቱን መጠበቅ፣ የሚወጣውን ሰው አስቁሞ ወዲያው መጠየቅና ሻጯን ለብቻ ማናገር ነው። ሻጯ እዚያ ወንጀለኛ ስላልሆነች ምስክር ልትሆን ትችላለች። የስዊድን አካሄድ ትልቁ ብልሃት ይህ ይመስለናል፤ ሁለቱም የሚቀጡበት አገር ሁለቱም አብረው ይዋሻሉ። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች በበኩላቸው ሴት ፖሊስ ሲቪል አልብሰው ጎዳና ላይ ያቆማሉ ወይም የውሸት ማስታወቂያ ያወጣሉ። ያኔ ፍርድ ቤቱ "ሰውየው በራሱ ፈቃድ መጣ ወይስ ፖሊስ ገፋፋው?" ብሎ ይጠይቃል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ አንድን ገዢ መያዝ የብዙ ሰው የብዙ ሰዓት ሥራ ነው። ይኸው ቡድን ሌባ ወይም ደፋሪ መከታተልም ይጠበቅበታል፤ ዘመቻው ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚበርደው አብዛኛውን ጊዜ በሰው ኃይል ነው። ሌላም ቀዳዳ አለ። የተያዘው ሰው ከመቀጮው በላይ የሚፈራው ቤቱ እንዳይሰማ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ጉዳዩ ጣቢያ ሳይደርስ ለመጨረስ የተጠየቀውን ይከፍላል። ቁጥጥር በላላበት ቦታ ቅጣቱ ለመንግሥት የማይገባ ቀረጥ ይሆናል፤ ወንጀሉም በመዝገብ ላይ አይታይም።

ስዊድን ተሳክቶላት የለም እንዴ?

ስዊድን ገዢን ብቻ የሚቀጣውን ሕግ ከጥር 1 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች። ጣሪያው መጀመሪያ 6 ወር እስር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 1 ዓመት ከፍ አለ። በተግባር ግን ለረጅም ጊዜ የተለመደው ቅጣት በገቢ ልክ የሚሰላ መቀጮ ነበር፤ ባለ ብዙ ደመወዙ ብዙ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2022 መቀጮው ከአንቀጹ ወጣና መነሻው እስር ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የመንግሥት ግምገማ የጎዳናው ገበያ በግማሽ መቀነሱን ገልጿል። ሌላው በየመድረኩ የሚጠቀሰው ቁጥር የመጠይቅ ውጤት ነው፦ "ወሲብ ገዝተህ ታውቃለህ?" ተብለው ከተጠየቁ ወንዶች "አዎ" ያሉት እ.ኤ.አ. በ1996 13.6 በመቶ፣ በ2008 ግን 7.9 በመቶ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጥያቄው የሚጠይቀው "በሕይወት ዘመንህ" ብሎ ነው። አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ከዚያ በኋላ ቢተወውም መልሱ ዕድሜውን ሙሉ "አዎ" ነው። ሕጉ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በመላው ስዊድን አንድም ሰው ባይገዛ እንኳ፣ ይህ ቁጥር ሊወርድ የሚችለው የገዙት እያረጁና እየሞቱ፣ ወጣቶች እየተተኩ ሲሄዱ ነው፤ በ12 ዓመት ወደ ግማሽ ሊጠጋ አይችልም። ስለዚህ ከልዩነቱ ቢያንስ የተወሰነው የመጣው የናሙናው ዓይነት ስለተለየ ወይም ሰው ስለደበቀ መሆን አለበት። ወንጀል የሆነን ነገር ለጠያቂ ማመን ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በተደረገ ሌላ ትልቅ መጠይቅ ቁጥሩ ከ10 በመቶ ትንሽ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

የጎዳናው መቀነስስ? እውነት ነው፤ ግን ጊዜው ሞባይልና ኢንተርኔት የገቡበትም ነበር። ገዢን ባልቀጡ አገሮችም ቢሆን ንግዱ ወደ ስልክ ገብቷል። ከቅነሳው ምን ያህሉ የሕጉ፣ ምን ያህሉ የስልኩ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ስዊድናውያን ስለ ጉዳዩ ያላቸው አመለካከት ግን ተለውጧል፤ አብዛኛው ሕዝብ ሕጉን ይደግፋል። የሕጉ ደጋፊዎች ዋና መከራከሪያም ይኼ ነው፦ ዛሬ የሚገዛውን ከማስፈራራት ይልቅ ነገ የሚያድገውን ልጅ ማስተማር።

ሌሎቹ አገሮችስ?

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2009 ተከተለች፤ ዜጋዋ ውጭ አገር ቢገዛም ያስቀጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተሠራው ግምገማ ገበያው ያለ ሕጉ ሊሆን ከሚችለው ከ20 እስከ 25 በመቶ ያነሰ ነው ብሎ ገምቷል። ግምገማው የሻጮቹ የመደራደር አቅም መዳከሙንም አልደበቀም።

ሰሜን አየርላንድ በተቃራኒው ጫፍ ናት። ከሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መግዛት ወንጀል ሆነ። በቤልፋስት የሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የኢንተርኔት ማስታወቂያው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል። ከሦስት ዓመት በላይ በሆነው ጊዜ ጥፋተኛ የተባሉት ገዢዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሕጉ ከስዊድን ጋር ተመሳሳይ ነው፤ የሚያስፈጽመው ግን አልነበረም።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2016 መቀጮውን እስከ 1,500 ዩሮ፣ ለደጋሚ እስከ 3,750 ዩሮ አደረገች። ሕጉ መብታችንን ነካ ያሉ ሰዎች ጉዳዩን እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አደረሱት፤ ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ አልጣሰችም አለ። ካናዳ፣ አየርላንድና እስራኤልም ገዢን መቅጣት ጀምረዋል። ኒውዚላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ለአዋቂዎች ሁለቱንም ወገን ከወንጀል አውጥታ እንደ ሌላ ሥራ ትቆጣጠራለች።

ታዲያ የሚፈራው ማን ነው?

ገዢዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለመስክ ሥራ ወጥቶ ወይም ከጓደኛ ጋር አምሽቶ የሚገዛ ሰው በቀላሉ ይቆማል፤ የሚያጣው ሥራና ትዳር አለው፣ ልማዱም ሥር አልሰደደም። ስለ ደብዳቤ፣ ስለ መጥሪያ፣ ስለ ስም መጥፋት ሲያስብ ይተወዋል። ሕጎቹ ውጤት ባሳዩበት ቦታ ሁሉ ብዙውን ጊዜ የወጣው እሱ ነው።

የሚቀረው ቋሚው ገዢ ነው፤ ስልክ ቁጥር ያለው፣ ቤቱን የሚያውቅ፣ ደላላ የሚደውልለት። ከእሱ ጋር ደግሞ አደጋ የሚወድና ሴቲቱን ለመጉዳት የሚመጣው ይቀራል። የዋሁ ገዢ ሲወጣና ክፉው ሲቀር የገበያው ጠቅላላ ቁጥር ቢቀንስም የሴቲቱ ምሽት ይከፋል። ለዚህ ነው "ገበያው ቀንሷል" እና "ሴቶቹ የባሰ ተቸገሩ" የሚሉ ሁለት ጥናቶች ከአንድ ከተማ ወጥተው ሁለቱም እውነት ሊሆኑ የሚችሉት።

ገዢ የፈራ ጊዜ ድርድሩ ያጥራል። አምስት ደቂቃ ቆማ ሰውየውን የምታጤን ሴት በሰላሳ ሰከንድ መኪና ውስጥ ትገባለች፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ፣ ጓደኞቿ ታርጋውን ከሚያዩበት ወደማያዩበት ትሄዳለች። ደንበኛ ሲቀንስ ዋጋ ይወርዳል፤ ያለ ኮንዶም ለሚጠይቅም እምቢ ማለት ይከብዳል። ይህ በኢትዮጵያ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በተደረገ ጥናት፣ በዚህ ሥራ ከሚተዳደሩት ሴቶች ከአራቱ የአንዷን ያህል በሚጠጉት ደም ውስጥ ኤች አይ ቪ ተገኝቷል፤ በአገር ደረጃ የአዋቂዎች ምጣኔ ወደ 1 በመቶ ነው። ኮንዶም መያዝ እንደ ማስረጃ የሚቆጠርበት አፈሳ ደግሞ በጤናው ዘርፍ የተሠራውን ሥራ ያፈርሳል።

ፒያሳ ላይ ካልታዩ ቀንሰዋል ማለት አይደለም?

አይደለም። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ የፈረሰው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ተከተለች። ቤቱ ሲነሳ ተከራይዋም፣ ቡና ቤቱም፣ ደንበኛውም ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ያ የግንባታ ውጤት እንጂ የቅጣት ውጤት አይደለም። ነገ ገዢን የሚቀጣ ሕግ ቢወጣና አንድ ባለሥልጣን ባዶውን አስፋልት እያሳየ "ሠርቷል" ቢል፣ መጠየቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው። ከሕጉ በፊት የተቆጠረ ቁጥር አለ? የቴሌግራም ቻናሎችና ማሳጅ ቤቶች ተቆጥረዋል? በዓመት ስንት ገዢ ተከስሶ ስንቱ ተፈረደበት? ሦስተኛው ቁጥር ከሌለ ሁለቱ ቢኖሩም የቅጣቱን ውጤት መለየት አይቻልም።

ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነስ?

እዚህ ላይ ሕጋችን ዝምተኛ አይደለም። ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች ልጅ ጋር ወሲብ የፈጸመ በአንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት። ገንዘብ መክፈሉ፣ ልጅቷ "እሺ" ማለቷ፣ ቡና ቤት ውስጥ መገኘቷ ወንጀሉን አይሰርዘውም። "እኔ ደንበኛ ነኝ" የሚል መከላከያ የለም። ያገናኘው ደላላና ቤቱን ያከራየውም ከተጠያቂነት አያመልጡም።

ቅጣቱ ይህን ያህል ከብዶም ድርጊቱ መኖሩ ከላይ ያልነውን ነው የሚያሳየው፦ የሚጎድለው ክብደት ሳይሆን መያዝ ነው። ጎረቤት ያያል፣ አልጋ አከራይ ያያል፣ ማንም አይጠቁምም። ክስ ሲጀመር ደግሞ ዕድሜ ማረጋገጥ ይከብዳል። ከገጠር መጥታ የልደት ካርድ የሌላት ልጅ ዕድሜ በሐኪም ምርመራ ይገመታል፤ ግምቱ ወደላይም ወደታችም ሊሳሳት ስለሚችል 17 ወይም 18 ላይ ያለ ጉዳይ እዚያ ላይ ይወድቃል። የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የክርስትና ካርድ ወይም የክትባት ካርድ ከተገኘ ለመርማሪው መስጠት ጉዳዩን ያጠነክረዋል።

መጠቆም ለሚፈልግ በአዲስ አበባ የፖሊስ ነፃ ስልክ 991 ነው። የሚጠቅመው መረጃ የቤቱ ትክክለኛ ቦታ፣ ሰዓቱ፣ የመኪና ታርጋ፣ የደላላው ስልክ ቁጥር፣ የቴሌግራም መልእክቱ ስክሪንሾትና የቴሌብር መልእክቱ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለውን አለማጥፋት። ደላላውን ቀድሞ መጋፈጥ ልጅቷን ወደ ሌላ ቤት ያሸሻታል። ጥቃት የደረሰባት ልጅ ወደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ብትወሰድ ለተጎጂዎች የተዘጋጀ ክፍል አለ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ እርግዝናን የሚከላከለው እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፣ ሁለቱም በቶሎ ሲወሰዱ ይበልጥ ይሠራሉ። ከምርመራው በፊት ገላዋን ባትታጠብና የለበሰችውን ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ብትይዝ ይመረጣል፤ ላስቲክ እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል።